ላይኛው ዶ

የኦሩሮ አየር ስስ ነው፤ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ
ሳንባው ያፋጥጠዋል፤ «ያበደርኩህን አምጣ!»
ኤውስታኪዮ ግን እዚያው ነው የተወለደው፣
ትንሽ አየር ይዞ ብዙ መንፋት የለመደው።

ቀን ቀን ጎሚስታ ነው፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፤
ማታ ደግሞ ከባንዱ ጋር ለልምምድ ሲገባ
የመጀመሪያው ረድፍ፣ የመጀመሪያው ወንበር፣ የእሱ ነበር።

ነበር።

አንድ ማክሰኞ የከባድ መኪና ቸርኬ ተፈናጥሮ
አራት ጥርስ ይዞ ሄደ፣ ከፊት ከፊቱ ቆጥሮ።
ሐኪም አዲስ ተከለለት፤ ነጫጭ፣ የማያውቁት፣
እንደ ተከራይ ከአፉ ገብተው በሩን የዘጉበት።
ላይኛው ዶ ጠፋ፤ ተከትሎት ሲ፣ ተከትሎት ላ፤
ከሶል በላይ ያለው ሁሉ ንፋስና ምራቅ ሆነ በኋላ።

የባንዱ አለቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትከሻውን አቅፎ
ሁለት የነሐስ ሰሃን አስጨበጠው፣ ከመጨረሻው ረድፍ አሰልፎ።
አንድ ዓመት ሰሃን አጋጨ፤ በሠርግ፣ በቀብር፣ በሰልፍ፤
ጣቶቹ ግን ሦስት ቫልቮላ ይፈልጋሉ፣ ለአፍታ ሲያርፍ።

ዙልማ የጎረቤት ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ነው ዕድሜዋ፤
ብስክሌት እየገፋች መጣች፣ የትራምፔት ሳጥን በጀርባዋ።
«እስቲ ዶውን አሰሚኝ» አላት። ነፋች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፣
ከንፈሯ ላይ የነሐስ ቀለበት ታተመ፤ ድምፁ ግን ተሰበረ።
በእሷ ውስጥ ራሱን አየ፤ የድሮውንም፣ የአሁኑን፤
በር በትከሻ ሊሰብር የሚታገል፣ ሳይሞክር ቁልፉን።

የውስጥ ጎማ አነሳና ቫልቮላውን ፈታው፤
አየሩ «ሆ...» ብሎ ወጣ፣ ሰነፍ፣ ወፍራም፣ እንቅልፋም ነው።
ከዚያ አውራ ጣቱን አሳረፈበት፤ በግማሽ፣ ሳይጫን፣ በስሱ፤
ያው አየር ጮኸ! ጠበበ እንጂ መንገዱ፣ ጉልበት አልጨመረም እሱ።

ልጅቱም በፈንታዋ፦ «ምላስዎን ያንሱት፤ ‹ታ› ሳይሆን ‹ቲ› ይበሉ፤
ከንፈር ሲገረፍ ይደነብራል፤ ይጠፋበታል ቃሉ።»
(በእኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባጭሩ ባለቀ፤
ራብዑን አስተኝቶ ሳልሱን የቀሰቀሰ ዐወቀ።)

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ሁለቱ
ጎማ ክምር ላይ ይቀመጣሉ፤ በቆርቆሮው ስንጥቅ ክረምቱ
ሲገባባቸው፣ ትራምፔታቸውን በብብታቸው እያሞቁ
ትንሽ ነፍተው ብዙ ያርፋሉ። ማረፍም ትምህርት መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቁ።

ዙልማ በሁለተኛው ወር ደረሰችበት፤ ደነገጠች፤
ከረሜላ ያገኘች መስላ ደግማ ደጋግማ ቀመሰች።
እሱ ጠበቀ። «ጥርሶቼ ገና አላመኑኝም» ይላል፤
ጠዋት በመስታወት ፊት ያስተዋውቃቸዋል፦ «ይህ ከንፈር ይባላል።»

የካቲት መጣ፤ ካርኒቫል። ጎዳናው በቀንዳም ጭምብል ተሞላ።
አለቃው ሰሃኑን ተቀብሎ «ሦስተኛ ትራምፔት» አለው፣ «ከኋላ፤»
ማንም የማይሰማቸውን ኖታዎች፣ የቤት መሠረት የሆኑትን፣
ስድስት ሰዓት ሙሉ ነፋ፤ ፀሐዩ ግንባሩን፣ ብርዱ ጀርባውን
ተካፍለውት። ዙልማ ከግንብ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ታያለች።

ዜማው አለቀ። አለቃው ጣቱን ጨበጠ፤ ከበሮው ዝም አለ።
ከሦስተኛው ረድፍ ግን፣ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ዶ ሾለከ፣ ዘለለ፤
ላይኛው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ብቻውን፤
ከቤት ውስጥ ራሱን እንዳገኘ ሰው፣ ሳያስታውስ በር ማንኳኳቱን።

መቶ ሃያ አንገት ዞረ። አለቃው «ማነው?» ሲል ተቆጥቶ፣
ኤውስታኪዮ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ፣ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ፤
አራቱም ተከራዮች በሩ ላይ ወጥተው ይስቁ ነበር።