ሁሉን ያድናል

ያፎ ወደብ በላይ፣ ከፈረሰው ቤት ሥር፣
አካፋዬን ያዘው አንድ ብርጭቆ ነገር።
አቧራውን ጠረግሁ በሸሚዜ ጫፍ፤
ጠርሙስ! ሰማያዊ፣ ሆዱ ላይ ጽሑፍ።

የቁፋሮው አለቃ ኖጋ ተንበረከከች፣
ፊደሉን በጣቷ እየዳበሰች፦
«ለሳል፣ ለራስ ምታት፣ ለወስፋት፣ ለትካዜ፣
ለራሰ በራነት፣ ለጥርስ ማብቀያ ጊዜ፣
ለባሕር ማጥወልወል፣ ለጉልበት፣ ለጨጓራ፤
አንድ ማንኪያ ማታ፣ አንዱን ጎሕ ሲያበራ።
የዶክተር ትሬልፎል ጠብታ
ሁሉን ያድናል።»

ሳቀች። «ከሎንዶን ነው የመጣ፣ በመርከብ፣ ጥንት።
አረቄና ኦፒየም፣ ስኳር ለጣዕምነት፤
ስንቱ ሕፃን ጠጥቶት ተኛ፤ አልነቃም።»
እኔ አልሳቅሁም።

ያነበበችውን በልቤ ወደ አማርኛ ስመልስ
አባቴ መጣብኝ።
በቋራ ቆላ እሱም ያድን ነበር፣
ድኩላ።
ጨው ነስንሶ፣ ገመዱን በሣር ሸፍኖ፣
ትንፋሹን ውጦ።

ጠርሙሱ ቁጥር ተጻፈለት፣ ከረጢት ገባ።
ምሳ ሆነ።
ከኪሴ የጉልበቴን ክኒን አወጣሁ፣
ከኩፓት ሖሊም የሰጡኝን፤
ጀርባውን ገልብጬ አየሁ፤
ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ዕብራይስጡም ከእኔ በላይ።
በሞቀ የላስቲክ ውኃ ዋጥሁት።
እሱም ያድናል ብለውኛል።