ሞኝና ወረቀት

ሰባት ሳጥን ሆና በጭነት መኪና
ደጃፌ ወረደች፣ በረዶው ሳይቀልጥ ገና።
"የስፖርት መኪና" ይላል ላዩ ላይ ተጽፎ፤
ውስጡ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሽቦ ተጣጥፎ፣
መሪዋ ለብቻ፣ ወንበሯ በሌላ፣
በላስቲክ ተጀቡኖ ሰማያዊው ገላ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከድንች ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ
ከእንቅልፌ ቀንሼ ስገጥም፣ ስፈታ፣ እንደገና ስመልስ፣
በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ባዞረው
ተነሣች! ጎረቤቴ ሄንድሪክ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረው።

ወደ ኮልዴል ወጣን፣ እኔና ረድኤት፤
አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለወሬ ሰነፍ ናት፣ በዓይኗ ብርቱ ናት።
ሜዳው የካኖላ ቢጫውን አንጥፏል፤
የሌዝብሪጅ ነፋስ እንደ ልማዱ ይገፋል።
"አባ፣ ይሄ ቀይ ምንድነው?" አለች።
ከእኔ በፊት መኪናዋ መለሰች፤
ከኮፈኗ ሥር ነጭ እንፋሎት ተፋች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋተኛ ፍለጋ።

ቴርሞስታቱን አውጥቼ በድስት ቀቀልኩት፣ እንደ ዕንቁላል፤
ሰማንያ ሁለት ላይ ተከፈተ፤ ንጹሕ ነኝ ይላል።
ውሃ ፓምፑን ፈረድኩበት፣ አዲስ ገዛሁ፤
"ራዲያተሩ አንሷል" ያለኝን ሁሉ ሰማሁ፣
ባለ ሁለት ረድፍ አስገባሁ፣ ተበድሬ፣ ለምኜ።
"አየር ይዛለች" አለ ሄንድሪክ፤ እሱንም አምኜ
አፍንጫዋን በክሪክ ወደ ላይ አንሥተን
ክዳኗን ከፍተን ስናስገሳት አመሸን።
"የቴስታታው ጓርኒሲዮን ቢሆንስ?" ብዬ ሌሊት ባነንኩ፤
ሳጥኑን የላከውን ረገምኩ፣ የአልበርታን ፀሐይ ረገምኩ።
ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ! ሐምሌ አለቀ በዚህ ሥራ፣
እሷም በቆምንበት መብራት ሁሉ ስትፈላ፣ ስታጓራ።

ማራገቢያው ይዞራል፤ ድምፁን እሰማለሁ፤
የሚሠራን ነገር ምን ብዬ እከሳለሁ?
ደግሞስ እኔ አይደለሁ የገጠምኩት፣ በገዛ እጆቼ፣
ሽቦውን በፒንሳ ጠምዝዤ፣ በፕላስተር አሽጌ፣ ሁለቴ አይቼ!
ሄንድሪክ አንድ ጊዜ "ማራገቢያውን አይተኸዋል?" ቢለኝ
"እኔ ነኝ ያሰርኩት!" አልኩት፤ የሞተሩ ትኩሳት እኔን ያዘኝ።

እሑድ ከሰዓት ነው። ሞተሩ በርቷል፤ እኔ ከሥር ተጋድሜ
የማይንጠባጠብ ቱቦ እመረምራለሁ፣ ለስንተኛ ጊዜ።
"አባ፣ ይሄ የፓምፕ ደረሰኝ ይጣል?" አለች ረድኤት፤
ከራዲያተሩ ፊት ነበረች፤ ለቀቀችው በድንገት።
ተስቦ ከወንፊቱ መለጠፍ ነበረበት።
ወረቀቱ ግን ወደ ውጪ በረረ፤
አጥሩን ተሻግሮ ሄንድሪክ ጓሮ ቀረ።

"ወደ ውጪ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?"

ቀዩ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩ በቀዩ ቦታ፤
የየካቲት ሌሊት የሠራሁት፣ ዓይኔ በእንቅልፍ ሲረታ።
ነፋስ ከፊት ሲገባ ማራገቢያው ሲመልሰው፣
በአንድ ጠባብ በር ላይ እንደተጋፋ ሁለት ሰው።
"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባል ነበር፤
ወረቀቱስ ለቀቀ።
                              ጋራዡ ውስጥ ሌላኛው ነበር።

አራት ደቂቃ አልፈጀም ሽቦውን ማዛወር።

ማታ ሄንድሪክ ደረሰኙን አራት አጥፎ መለሰልኝ፤
ሁለት መቶ አሥራ አራት ዶላር። አንብቦታል። ምንም አላለኝ።
እኔም "ልክ ነበርክ" ልለው አፌን ከፍቼ
ስለ ነፋሱ አወራሁ፣ ገባሁ ተቻኩዬ፣ በሬን ዘግቼ።
ያለ ጥፋቱ የነቀልኩት አሮጌው ፓምፕ መደርደሪያ ላይ ነው፤
በጨርቅ ጠቀለልኩት። ይቅርታ ለመለማመድ ቀላሉ እሱ ነው።

በሜየር ማግራዝ መብራት ቀዩ ረዝሞ ሲቆይ
መርፌው ዘጠና ላይ ነው፣ ንቅንቅም አይል።
ረድኤት ክንዷን አውጥታ ነፋሱን ትይዛለች፣ ትለቃለች፤
መርፌውን የማየው እኔ ነኝ። እሷ ረስታዋለች።