በመስከረም የጣለ በረዶ

መስከረም እኩሌታ፣ ፖሙ ከዛፉ ላይ ገና ቀልቶ ሳለ፣
ሽማግሌው ሂላር ግድግዳ እየዳሰሰ ገባና «በረዶ ይጥላል» አለ።
«ባሕሩም ነጣብኝ፣ ጀልባዬም ነጣብኝ፣
መብራት አብሩልኝ እንጂ፣ ይህን ጭጋግ ግለጡልኝ።»

መብራቱ በርቷል።
ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ አንሶላው ላይ ተጋድማለች።

የደሴቷ ነርስ ነኝ፣ ቪርቬ ነው ስሜ፣
ሰካራም አውቃለሁ ከልጅነት ዕድሜ፤
አባቴ ዓሣ አጥማጅ፣ ባልቲክ ሲቆጣ
ጠርሙስ ታቅፎ ነበር ከጀልባው የሚወጣ።
ስለዚህ ሳቅሁበት፣ በልቤ ነው የሳቅሁ፤
«በሰባ ስምንት ዓመት ሞራ ብርቅ ነው?» አልሁ።
ይቅር በለኝ፣ ሂላር።

«ምን ጠጣህ?» ስለው «ያው የሁልጊዜው» አለኝ፣
«በግማሽ ዋጋ ነው ታርቪ የሸጠልኝ።
ጥሩ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ሽታውም አልከፋ።»

እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ።
መርዝ እንደ መርዝ ቢሸት፣
ቢመር እንደ እሬት፣
ሰው ይተፋው ነበር። ይህ ግን ጨዋ መስሎ፣
በታላቅ ወንድሙ ስም ምሎ ተገዝቶ፣ መልኩንም መስሎ፣
በጉሮሮ ይወርዳል። አንድ ሌሊት ዝም ብሎ ያድራል።
በማግስቱ ጉበት ሲገልጠው የጉንዳን አሲድ ይሆናል፤
ያ ጉንዳን በሰልፍ ሽቅብ ይወጣና
የዓይንን ሥር ይበላል፣ ከጫፍ ጀምሮ፣ በዝግታ፣ በጥሞና።

ታርቪን ግን ማንም አልቀሰቀሰው።
ቅዳሜ የጠጣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ እሑድ ቀትር ቢተኛ ማን ይወቅሰው?
ቀዛፊ ነው፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣
ከሁሉም አብልጦ የጠጣ፣ ከሁሉም ያነሰ የበላ።
ጓደኞቹ ሳውናውን አጥበው፣ ጫማውን ከእግሩ አውልቀው፣
ብርድ ልብስ ደርበውለት ወጡ፣ እንዳይረብሹት ተጠንቅቀው።
ያ ደግነታቸው
እስከ ዛሬ አጥንት ሆኖ ተሰንቅሯል በጉሮሯቸው።

ጄሪካኑን ከወደብ ያመጣው እሱ ነው።
ሻጩ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ነው አላለውም። ርካሽ ነው አለው።
ርካሽም ነበር።

የተረፈው በሎሚናት ጠርሙስ ተገልብጦ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ቆመ።
ሜሪት፣ የእህቱ ልጅ፣ አራት ዓመቷ።
አንድ ጉንጭ። ፊቷን አጨማዳ ክዳኑን መልሳ ዘጋች፣
ጨዋ ልጅ ናትና። ከዚያ የጨርቅ ጥንቸሏን ይዛ ሄደች።
ለሂላር አንድ ጉንጭ ከንፈሩን አያርስ፤
ለእሷ ግን ባሕር ነው፣ ከዳር ዳር የማያደርስ።

እናቷ ካያ ታቅፋት ስትመጣ ጨልሟል።
ልጅቱ ከሩጫ እንደተመለሰ ሰው ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች።
«ጉንፋን መስሎኝ» ትላለች ካያ፣ «ጉንፋን መስሎኝ።»
ማርከሻው ደሴቲቱ ላይ የለም። ሄሊኮፕተሩ ንጋት ይጠብቃል።
«ቮድካ አምጪ» አለኝ ሐኪሙ፣ «መለያ ያለው፣ ማኅተሙ ያልተነካ።»

ለይዳ ሱቋን ዘግታለች፤ አምስት ሰዓት አልፏል፣
ከምሽቱ አራት ወዲያ መጠጥ የሸጠ ይቀጣል።
በሩን ደበደብሁ። በሌሊት ልብሷ ወጣች።
«ለማን ነው?» አለች።
«ለአራት ዓመት ልጅ።»
አየችኝ፣ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ቁልፉን ፈለገች።

ሁለቱ ወንድማማች ጉበት ደጃፍ ሲገናኙ
የሚቀድመው ታላቁ ነው። ታናሹ ደጅ ሲጠና ያድራል፣
ደጅ ሲጠና ይደክመዋል፣ እንደመጣ በሽንት ይሄዳል።
እኔም ለክቼ፣ በአፍንጫዋ ቱቦ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ሕፃን ልጅ ቮድካ አጠጣሁ። አባቴ ይየኝ።
በየሰዓቱ ጣቷን ወግቼ ስኳሯን አየሁ።
ሰከረች። ጥንቸሏን «አንቺ ወፍራም» ብላ ሰደበች፣
ሳቀች፣ በሳቋም መሀል አንቀላፋች።

ታርቪን በአራተኛው ቀን ቀበርነው።
ሂላር ተርፏል፤ እስከ ዛሬ በረዶው ይጥልበታል።
ሜሪት መነጽር ታደርጋለች፣ ግን ታያለች።

በለይዳ የዱቤ ደብተር፣ ከዳቦና ከሻማ መሀል፣
በዚያች ሌሊት ቀን፣ በጠማማ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦
«ሜሪት፣ አራት ዓመት፣ አንድ ጠርሙስ ቮድካ።»
ማንም አልከፈለውም።
ማንም አልሰረዘውም።