በአንድ ሞራ

የኮምቦልቻ ቀትር ነው፤ የቤተ ሙከራው ቆርቆሮ ይንጣጣል፤
በር ላይ የቆመ ብቻ ከቦርከና ነፋስ ትንሽ ይቃርማል።
ጋሽ እንድሪስ በያጅ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት
ዕድሜውን የቆጠረ በኤሌክትሮድ ቁራጭ፣ በብልጭታ ብዛት።
ሁለት የመዳብ ዘንግ አፍ ለአፍ አሰረልኝ፤ መሣሪያዬን ደገንሁ፤
መስኮቱ ጥላሸት ለብሷል፣ ሌንሱ ተጭሯል፤ ዝም አልሁ።

ራውዳ ግን ዝም አትልም፦
«በዚህ በቆሸሸ መስታወት እንዴት እሳት ይለካል?
ግማሹ ብርሃን መንገድ ቀርቶ፣ ስንት እንደነበር ማን ያውቃል?»
ልክ ናት። ብቻውን የቆመ ድምቀት ምስክር አይሆንም፤
ከራሱ ይድከም ከመንገዱ፣ ተጠይቆ አይለይም።

«ሐረጎን አስቢ» አልኋት።
«ኤሌክትሮኑ ከዚህ ነው የሚነሣው፣ ከኮምቦልቻ ሜዳ፤
ሙቀቱ ይገፋዋል ሽቅብ፣ ያለ ስንቅ፣ ያለ ጓዳ።
ጉልበት ያጠረው ሐረጎ ላይ ተንፍሶ ይመለሳል፤
ጉልበት የተረፈው ደሴ ገብቶ፣ ጦሳን አይቶ ይወርዳል።
የወረደ ሁሉ ዱካው ብርሃን ነው፤
አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላውም አረንጓዴ፣ ፀጉር የማያህል የለየው።
ጭጋጉን አትፍሪ፤ ጭጋግ ለሁለቱም እኩል ነው፤
ከደሴ የወረደውን ከሐረጎ ለወረደው ብታካፍይው
ጭጋጉ ከላይም ከታችም ተሰርዞ፣ የሚቀርሽ ሙቀቱ ነው።»

አርኩ ተጫረ፤ ነጭ ሆኖ ጮኸ። ኮምፒውተሩ ያስባል፤
ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል።
ጋሽ እንድሪስ ትዕግሥት አጣና ወደ ሽንቁሩ ተጠጋ፤
ግራ ዓይኑ እንደሆነ ሞራ ካለበሰው ስንት በጋ!
ቀኙም እየተከተለው ነው።
«አይታይህም እኮ ጋሼ።»
በክርኑ ገፋኝ።

ቆየ።
«የዚህኛዋ ጉልበት በረታ... ያችኛዋ ወደ ኋላ ቀረች።
እሳቱ ጨምሯል» አለ።
ራውዳ እጇን ከማዞሪያው አነሣች፤
ለማንም ሳትነግር ነበር ጅረቱን ከፍ ያደረገች።

ቁጥሩ ዘግይቶ መጣ፤ ማንም አላነበበው።
«በምን ዓይንህ?» አልሁት። ሳቀ፤ ሳቁ ብረት ብረት ይላል፦
«ሁለቱም በአንድ ሞራ አይደል የሚመጡት? ምን ይከብዳል?
የልጆቼም መልክ ጠፍቶኛል፤
ከመካከላቸው የማን ፊት እንደጠቆረ ግን
ገና ከበር ይገባኛል።»

ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ሐረጎን ቀና ብዬ አየሁ።
ጭጋጉ ወርዷል። አንድ መብራት፣ ብቻውን፣ ጠመዝማዛውን ይወርዳል፤
ከደሴ ይሁን ከመንገድ፣
ለማወቅ ሌላ እስኪመጣ
ቆሜ ጠበቅሁ።