ባለ ሁለት ቤት

ደላላ ነኝ እኔ፤ ባይነሳኝ ይሉኛል፣
ከጨጨላ ማራኪ በር ሁሉ ያውቀኛል።
ሃያ ዓመት በሁለት በመቶ፣ ጫማ በመለወጥ፣
አርባ ሦስት ቤት ሸጫለሁ በዚች ከተማ ውስጥ።
እኔ የማድረው ግን በቀበሌ ቤት፣
ጣሪያው ሥር ሳፋ አለ፣ ሲገባ ክረምት።
ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ጥቂት ከርሜያለሁ፣
ጉባኤ ቃና ላይ ደርሼ ወጥቻለሁ፤
ባለ ሁለት ቤት ነው ጉባኤ ቃና ማለት፣
እስካለፈው ዓመት ድረስ የነበረኝ ርስት።

ከመተማ ወዲህ አይሱዙ ተሳፍሮ፣
ሐኪም መጣ፣ ሙዘሚል፣ አንገቱን አቀርቅሮ፤
ቤቱን ወድ መደኒ በስልክ የሸጠ ሰው፣
ገዢው የአጎቱ ልጅ፣ ሩብ ዋጋ የሰጠው።
«ዛፏን አልሸጥኩም» አለኝ፤ «ኒሟ የእናቴ ናት፣
ውሉ ላይ አስገባኋት፤ ሲያነብ ሳቀባት።»

ቤት ይፈልግ ነበር፤ አሳየሁት ሦስት፤
አንዱ ጉድጓዱ ሞልቷል፣ አንዱ ያለ መብራት፤
ሦስተኛው ጨጨላ፣ የወይዘሮ ያሽሙ፣
ጥቁር ድንጋይ፣ የተላጠ የመስኮት ቀለሙ።
ዋጋ ሳይነገር ጫማውን አወለቀ፤
ያኔ ዋጋው አደገ፤ የያሽሙም ዐይን አወቀ።
«ቤቱን እሸጣለሁ፤ ጥዱን ግን አልሸጥም፣
ባሌ ነው የተከለው፤ ማንም አይቆርጠውም።»
በመተማ ዐረብኛ ነገርኩት፤ ሳቀ እስኪያልበው፣
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሦስት ጊዜ ጠረገው።

ግን ሕጉ፦ የውጭ ዜጋ ቤት አይገዛም፤
ብሩ በሻንጣ አለ፣ ስሙ መዝገብ አይገባም።
እሱ ብር አለው፣ መብት የለውም፤ እኔ
መብት አለኝ፣ ብር የለኝም፤ ይህ ነው የእኛ ቅኔ።
«በስምህ ይሁን» ተባለ፤ ማን እንዳለው አላስታውስም፤
እሱም ሊሆን ይችላል፤ እኔም አልክድም።

ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ ጸሐፊዋ አየችኝ፣
ከጫማዬ ጀምራ እስከ ኮሌታ መዘነችኝ።
«ገዢ?» «እኔ» አልኩ፤ ድምፄ ከሌላ ሰው መጣ፤
ቀለሙ ከአውራ ጣቴ ሦስት ቀን ሳይወጣ
ካርታው ወጣ።

ሰሙ እኔ፣ ወርቁ እሱ፤ ቅኔው ካርታው ላይ አለ፤
የኔታ ቢያዩት «ይበል» ይሉ? ወይስ «ሰሙ ቀለለ»?

ደብሬ ካርታውን ፍራሽ ሥር ደበቀች፣
ማታ ማታ እያወጣች ስሜን በጣቷ ለካች።
«መጋረጃው» አለች «አረንጓዴ ቢሆን . . .
ጦርነቱ ያበቃል፤ ይሄዳል እኮ አንድ ቀን።»
ዝም አልኳት፤ ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደች፤
እኔም እንደዚያው ወሰድኩት፤ መብራቷን አጠፋች።

ቅዳሜ ሄድኩ፤ በሩን ሊከፍት ሮጦ መጣ፤
«ባለቤቱ!» አለኝ ቀልዶ፤ ሻይ ከነብስኩቱ አመጣ።
ያሽሙም እዚያ ነበሩ፣ ጥዱን ሊጎበኙ፤
«እንግዳ መጣ» አሉና ወንበር ለእኔ አገኙ።
ከሥሩ ተቀምጠው ነበር፣ እሱና እሳቸው፣
ቋንቋ ሳይጋሩ፣ ጥላ እየበቃቸው።
ካርታው የት እንዳለ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤
መልስ አለኝ ለሚጠይቅ፤ ለማይጠይቅ የለኝም።

አሁን አዲስ አዋጅ አለ፣ ለውጭ ሰው ተፈቅዷል ይላሉ፤
ትንሹ ዋጋ ሲጠራ ግን ሐኪሞች ዝም ይላሉ።

ሁለት በመቶዬን ተቀብዬ በላሁ፤
ዘጠና ስምንቱን ሌሊት እቆጥራለሁ።
ጠብ ይላል ሳፋው ላይ። ደብሬ ነቅታለች፤ አውቃለሁ።