የድመት ጅራት

ቱርኩ ወደብ፣ ጥር ላይ፣ ባሕሩ እንደረጋ፣
ኢርሜሊ ስክሪን ፊት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
የጀልባ መነሻ የሚያሰላውን ኮድ
ትሄድበታለች፣ እንደ ስስ በረዶ መንገድ፣
እግር እያስቀደመች፣ እየፈራች መውረድ።

በየፈንክሽኑ ራስ አንዲት ጥምዝ ምልክት፤
አገሬው ሲጠራት «የድመት ጅራት» ናት፤
ባለሙያ «ጌጥ» ይላል። ጌጥስ አትመስልም፤
የተሸካሚዋን ሥራ አትለውጥም፤
ሲደምር ይደምራል፣ ያው ነው እንደ ድሮ፣
ማተብ ብቻ አለው አንገቱ ላይ ታስሮ፦

«ጸሐፊው ታውኖ።
በረዶ ሲያይል ብቻ የሚሠራ።
ሳትጠይቁኝ እንዳትነኩት፣ አደራ።»

ታውኖ አረፈ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፤
የአንገቱ ክር ግን እስከ ዛሬ ያው ነው።

ትናንት አዲሱ ልጅ፣ ዩሶ፣ ፍጥነት ሊለካ
ሁሉን ካባ አለበሰ፣ ማንንም ሳይነካ።
ዛሬ ስህተት ሲገኝ ብትጠይቅ አንዱን፣
«ስምህ ማነው?» ብላ፣ ነገራት የካባውን፦
«መጠቅለያ።»
ሌላውስ?
«መጠቅለያ።» ሠላሳው ከሠላሳ
ልብሱን አስታውሶ ራሱን የረሳ።
ማተብ የሚባል የለም።

ዩሶ ጆሮው ቀላ። እሷ ምንም አላለች፤
ካባው የለባሹን ስም እንዲወርስ አዘዘች፣
በአንዲት መስመር።
ስሞቹ ተመለሱ፣ ክሮቹ ተመለሱ፣
ታውኖም ከነአደራው ብቅ አለ ከእነሱ።

ልታጠፋው እጇን ዘረጋች፤ ተወችው፤
ከሥሩ «ጠያቂ ካለ፣ ኢርሜሊ» አለችው።

ፈንክሽኑ ይህን አያውቅም። አንገቱን አያይም።
የንጋቷ ጀልባ ወጣች፤ አልዘገየችም።