ኩራት

ዘበኛው ላታሞ ከጥቁር ውሃ ዳር
አንድ ጠዋት መጣ፣ በእጁ ይዞ ሳር።
ሳር መስሎኝ ነበረ።
ቅጠሉን ሲቀጥፈው ክፍሉ ሸተተና
ዓይኔ እንባ አዘለ፣ ሳይከፋኝ ገና።

"ሽንኩርት ነው?" አልኩት። "ሽንኩርትስ ሽንኩርት ነው፤
ግን ማንም አልዘራው፣ ማንም አላረመው።
ከብት ቢረግጠው፣ ባጃጅ ቢሄድበት፣
በልግ ሲጥል ያው ነው፤ ብቅ ይላል ካለበት።"

የእኔ ሥራ ይኸው፦ ዕፅዋት ማድረቅ፣
ሥር ከጭቃ ማጠብ፣ ቅጠል ማላቀቅ፣
በአሮጌ ጋዜጣ ገጽ መሀል ማስተኛት፣
በመርፌና በክር ካርቶን ላይ መስፋት።
እሱንም አስተኛሁ፤ ሐምራዊ ራሱን
ከሙት ዓመት ገጽ ላይ፣ ጭራማ ሥሩን
ከሐራጅ ማስታወቂያ።

ወር ቆይቶ ስሙ ከመዝገብ ተገኘ፣
ሁለት ቃል ላቲን፣ ምላስን ያሞኘ፦
አሊየም አምፔሎፕራሱም።
ላታሞ አዳመጠ፤ "ሰው ቢሆን" አለ፣
"ጠርተውት ሳይጨርሱ ይመሽ አልነበረ!"

"ትርጉሙስ?" "የወይን ቦታ ሽንኩርት።"
ዞሮ በመስኮቱ አየ አላሙራን፣
እንሰቱን አየ፣ ጫትና ሸንኮራን፤
"ወይኑ የታለ?" አለኝ።
እኔም አጣሁለት።

መለያው ወረቀት ክፍት መስመር አለው፣
"የአካባቢ ስም" ብሎ የሚጠይቀው።
"እናንተስ ምን ትሉት?"
ቆቡን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከ።
"አባቴ ሰባኪ ነበር። በረሃ ላይ ሕዝብ
መና እየወረደ፣ ሆዱ ሳይራብ፣
ለዚች ቅጠል አለቀሰ ይለን ነበር።
ያኔ ኩራት ነው ስሟ። ኩራት ብለሽ ጻፊ፣
ባዶ አትለፊ።"

ጻፍኩት።
ከሥሩም፦ የሰበሰበው፣ ላታሞ ሻሚሶ።
አለቃዬ መጣ፣ መነጽሩን መልሶ
"ኩራት ጠባይ እንጂ ተክል አይደለም" ብሎ
በቀይ ሰረዘው፣
የዘበኛውን ስም አብሮ ጠቅልሎ።

አሁን ሣጥን ውስጥ ነው። ቁጥር አለው። ደርቋል።
ላታሞም ጡረታ ወጥቷል።

ትናንት፣ እሑድ፣ አሞራ ገደል ላይ
ከዓሣው ጢስ መሀል አየሁት፣ ከጥላው ሥር።
"ኩራቴን ሰረዙት አሉ" አለኝ፣ እየሳቀ፣
ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ በጣቱ አደቀቀ፣
በዓሣዬ ላይ በተነ።
"እንቺ፣ ብዪ።"

ዛሬ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ደጅ ላይ
ፊቱን ከትንፋሼ ዞር አደረገና
"ምን በልተሽ መጣሽ?" አለኝ።
"ኩራት" አልኩት።